ቅቤ የነካው ግድግዳ

ሥራዬን የቀማኝ ስልክ ነው። እርጅና ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። እርጅና ጨዋ ነው፤ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ መጀመሪያ ጉልበት ይነካል፣ ከዚያ ወገብ ይጠይቃል፣ ጊዜ ይሰጣል። ስልኩ ግን ባምቢስ አካባቢ ባለ አንድ ባዶ ሳሎን ውስጥ፣ ዓይኔ እያየ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት የለፋሁበትን ሙያ በአንድ አውራ ጣት ጠረገው።

ታደሰ እባላለሁ፣ ሰፈሩ የሚጠራኝ ታዴ ብሩሽ እያለ ነው፤ ቀለም ቀቢ ነኝ፣ ነበርኩ ልበል። ልዩ ሙያዬ የሚሸጥ ቤት ነው። ካዛንቺስና ቂርቆስ ውስጥ ሰው ቤቱን ሊሸጥ ሲያስብ ደላላ ይጠራል፣ ደላላው እኔን ይጠራል፣ እኔ ገብቼ የየክፍሉን ቀለም መርጬ እቀባለሁ፣ ገዢው ገና ደጃፉን ሲያልፍ «እዚህ ቤት የተወለድኩ መሰለኝ» እንዲል አደርጋለሁ። በእኔ ቀለም ልባቸው ተሰርቆ ቤት የገዙ ሰዎች አንድ ቀን ተጠራርተው መስቀል አደባባይ ቢወጡ፣ ባቡሩም አያልፍም።

ባምቢስ የጠራኝ ሚኪ የሚባል ደላላ ነው። ብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል። ሦስት ስልክ ይይዛል፤ በሁለቱ ይዋሻል፣ በሦስተኛው ያስተባብላል። ሳሎኑ መሀል ቆሞ ጠበቀኝ።

«ፋዘር፣ ዛሬ የመጣኸው ለምክር ነው። ቀለም አንቀባም» አለኝ።

«ቀለም ካልተቀባ እኔ የመጣሁት ለምንድን ነው? ለጠበል?»

«የቱ ቀለም እንደሚሻል ብቻ ንገረኝ። እኔ እቀባዋለሁ።»

«በምን?»

ስልኩን አወጣ። ሳሎኑን ፎቶ አነሳና ጣቱን ፎቶው ላይ አሳረፈ፤ ግድግዳው ግራጫ ሆነ። ደገመው፤ ነጭ ሆነ። ደገመው፤ ዓመድ የነካው ሰማያዊ ሆነ። እኔ ለዚህ ሥራ ሦስት ቀን፣ መሰላል፣ ሁለት ብሩሽና አንድ ወገብ እጨርስ ነበር።

«ስንጥቁስ?»

«እሱንም አጠፋዋለሁ።»

«ኮርኒሱ ላይ ያለው እድፍስ?»

«አጥፍቼዋለሁ፣ ተመልከት።»

«ቦርጭህንስ?»

«እሱን ድሮ ነው ያጠፋሁት። ፕሮፋይሌን አላየኸውም እንዴ?»

«እሺ፣ ገዢው ቤቱን በዓይኑ ሲያይ ምን ልትለው ነው?»

«እስከዚያ ልቡ ገብቷል ፋዘር። በቃ፣ ልብ ከገባ ዓይን ይከተላል። ማለቴ፣ ዘመኑ ይሄ ነው።»

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ስለ ቀለሙ የጠየቀኝን አልመለስኩለትም፤ እሱም ያን ያህል የሚፈልገው አይመስለኝም፣ ግራጫውን ቀድሞ መርጦታል። አሁን ሁሉም ሰው ግራጫ ነው የሚለው። ሳሎን ግራጫ፣ መኝታ ቤት ግራጫ፣ የልጆች ክፍል ግራጫ። ከተማው በሙሉ ነሐሴ ላይ እንደ ቆመ ሰማይ ሆኖልኛል። ያን ዕለት ብሩሼን በደንብ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ተናድጄ ነበር። አሁንም ተናድጃለሁ።

በሚኪ ብቻ ቢሆን ንዴቴ መስቀል አደባባይ ሳልደርስ ይበርድ ነበር። ወደ ቂርቆስ፣ ወደ ቤቴ፣ በእግሬ ስወርድ ያየሁት አንድ ግድግዳ ነው ያባባሰው። ወደ እሱ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ጋሽ ባዩን ላስተዋውቃችሁ፤ እሳቸውን ሳታውቁ የጥፋቴን መጠን አታውቁትም።

ሥራ የጀመርኩት በአንድ መሥሪያ ቤት የጥገና ክፍል ነው። እዚያ ቀለም አይመረጥም፤ በደብዳቤ ነው የሚመጣው። አለቃችን ለሁሉም ክፍል፣ ለመጋዘኑም ለመጸዳጃውም፣ አንድ አረንጓዴ ያዛሉ። ያን አረንጓዴ መልሰን ብንጨምቀው ከጣና ጎን ሌላ ጣና ይወጣው ነበር። አንድ ጊዜ ደፍሬ «ጌታዬ፣ ይሄ ቢሮ ፀሐይ አያገኝም። በዚህ አረንጓዴ ከቀባነው ሠራተኞቹ የሻገቱ ይመስላሉ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁና «ከቀለሙ በፊትስ ምን ይመስሉ ነበር?» አሉኝ። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም ነበር፤ ስለ እሱ ይህን ካልኩ ይበቃል።

ጋሽ ባዩ የዚያ ክፍል ዋና ቀቢ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሥራ ላይ ነጭ ሸሚዝ የሚለብሱ ሰው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ኮርኒስ የሚቀባና ጠብታ የማያርፍበት ሰው ከእሳቸው በፊትም በኋላም አላየሁም። አረንጓዴው ሲያንገፈግፋቸው ለቀው የግል ሥራ ጀመሩ፤ እኔንም «አፍህ ይበዛል እንጂ እጅህ ደህና ነው» ብለው ይዘውኝ ወጡ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ከጎናቸው ሠርቻለሁ።

የመጀመሪያ ሕጋቸው ቀለም ቀቢ ግድግዳ አይደገፍም የሚል ነው። የደረቀም፣ የራሱም ቤት ቢሆን። «ግድግዳ የሚደገፉት የቤቱ ሰዎች ናቸው። አንተ ትቀባለህ፣ ትሄዳለህ» ይሉኝ ነበር። ምሳ ስንበላ መሀል ወለል ላይ ነው የምንቀመጠው፣ በረሃ ላይ እንደ ተጣለ ሁለት ጆንያ። ሠላሳ ዓመት ያለ መደገፊያ ስኖር ወገቤ እንዴት እንደተረፈ እግዚአብሔር ይወቀው።

ሁለተኛው ነገር ነጠላ ነው። ጋሽ ባዩ የሚስታቸውን አንድ ነጠላ በፌስታል አጥፈው ከብሩሾቹ ጋር ይዘው ይዞራሉ። አዲስ ቤት ስንገባ ቀለሙን በትንሽ ካርቶን ላይ ቀብተው ግድግዳው ላይ ያቆሙታል፣ ከጎኑ ነጠላውን ይሰቅላሉ፣ ከዚያ ራቅ ብለው ዓይናቸውን ያጠባሉ። መጀመሪያ ላይ የሆነ ድግምት መስሎኝ ነበር።

«የሚሸጥ ቤት መቼ ነው የሚታየው?» አሉኝ አንድ ቀን።

«እሑድ።»

«እሑድ ምን ለብሰው ይመጣሉ?»

በቃ፣ ሚስጥሩ ይሄ ነው። ገዢ አስቀድሶ፣ ነጠላውን እንደ ተከናነበ ነው የሚመጣው። ሙስሊም ከሆነም ዓርብ ከጁምዓ መልስ፣ በነጭ ጀለቢያው። ድርቅ ያለ ነጭ ግድግዳ ጎን ሲቆም፣ ትናንት የታጠበ ነጠላ የዓመት እድፍ የተሸከመ ይመስላል። ሴትዮዋ ምን እንደነካት አታውቅም፤ ብቻ እዚያ ሳሎን ውስጥ ራሷን ትጠላለች፣ ባሏን ክርኑን ነካ አድርጋ «ይቅርብን» ትላለች። ስለዚህ እርጎ መሳይ፣ ወይም ትንሽ ሽሮ ጠብ ያለበት ክሬም ትመርጣለህ፤ ነጠላው ይበራል፣ ፊቷ ይበራል። «ቤቱን አታሳምር፤ የምትገባውን ሴት አሳምር» የሚሉኝ ለዚህ ነው። ሚኪ ይህን የሚያህል እውቀት በየትኛው ስልኩ እንደሚያገኝ እስቲ ይንገረኝ።

ሌላም አለ። መስኮት ስትከፍት የጎረቤት አጥር ሰማያዊ ቆርቆሮ ከሆነ፣ ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ያን ሰማያዊ ይዛ ትገባለች። አንተም ሰማያዊ ከቀባህ፣ ገዢው ብርድ ያጠቃው ይመስለውና ሳያውቀው ኮቱን ይቆልፋል። ኮቱን የቆለፈ ሰው ቤት አይገዛም። የግድግዳው ታችኛው ግማሽ ጠቆር ያለ ዘይት ቀለም መሆን አለበት፤ የልጅ እጅ፣ የወንበር ጀርባ፣ የሰው ትከሻ አለ። ይህን የዛሬዎቹ ደላሎች «የሰፈር ቤት ያስመስለዋል» ብለው አስቀሩት። የሰፈር ቤት እኮ ነው። ምን እንዲመስል ነው የፈለጋችሁት?

ወሎ ሰፈር የገጠመኝን የሁለት ወንድማማቾች ቤት ሳልነግራችሁ አላልፍም። የአባታቸውን ቤት ሊሸጡ ተስማሙ፤ በቀለሙ ግን ተጣሉ። ብንደርስ ሳሎኑ በጠመኔ ለሁለት ተሰምሯል፤ ታላቅየው የራሱን ግማሽ አረንጓዴ፣ ታናሽየው የራሱን ቢጫ ቀብተው ጨርሰዋል። ሶፋው መሀል ላይ ድንበር ሆኖ ቆሟል። ጋሽ ባዩ ለየብቻ ጠርተው «የምትወደውን አትንገረኝ። በጣም የምትጠላው ቀለም የቱ ነው?» ብለው ጠየቋቸው። ከዚያ ሁለቱም ስሙን ያልጠሩትን ቀባን። ቤቱ በሳምንቱ ተሸጠ። ወንድማማቾቹም ከስንት ዘመን በኋላ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ እኛን በመራገም።

ሦስተኛው ነገር ማንኪያ ነው። ጋሽ ባዩ በኪሳቸው የተጣጠፈ የደብተር ወረቀትና አንድ ሾርባ ማንኪያ አይጠፋም። ግድግዳ ላይ እድፍ ሲያዩ ወረቀቱን እድፉ ላይ ይለጥፉና እሳት ላይ ባሞቁት ማንኪያ ጀርባ ያሹታል። ከዚያ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ያነሡታል። ረጥቦ ከተኮማተረ ውሃ ነው፤ ቧንቧ ወይም ጣሪያ ትፈልጋለህ። ብርሃን ካሳለፈ ቅቤ ነው፤ ሰው ትፈልጋለህ። የሴቶች የራስ ቅቤ ማለታቸው ነው። ተቀብተው፣ ጭንቅላታቸውን አስደግፈው የሚቀመጡበት ቤት ሁሉ በተቀመጠ ሰው ራስ ቁመት ላይ ክብ ክብ ምልክት አለው። «ቅቤ አይሸፈንም፤ ይታጠባል» ይላሉ። በፈላ ውሃና በሳሙና ደጋግመህ ታጥባለህ፣ ታደርቃለህ፣ አንድ እጅ ዘይት ቀለም ትቀባለህ፣ ሁለት ቀን ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ነው የምትመርጠውን ቀለም የምትቀባው። ይህን ከዘለልክ ከላይ በቀባኸው ውሃ ቀለም ስር ቅቤው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ትዕግሥቱ የሰው አይደለም።

ጋሽ ባዩ ካረፉ በኋላ ማንኪያውና ነጠላው ለእኔ ደረሱ። ወረቀቱንም እንደሳቸው ሁልጊዜ ኪሴ አደርግ ነበር። ይህን አስታውሱልኝ፤ ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር።

የዛሬ አራት ዓመት፣ ክረምት ላይ፣ ሚኪ እትዬ አሰለፈች የሚባሉ ሴት ቤት ወሰደኝ፤ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ። ባላቸው ሞተዋል፤ ሁለቱ ልጆቻቸው ድርሻችን ይሰጠን ብለዋል፣ ቤቱ መሸጥ አለበት። እትዬ አሰለፈች የሰፈሩ ሹሩባ ሠሪ ናቸው። የቂርቆስን ሴቶች የግማሾቹን ራስ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ የማን ፀጉር እንደሳሳና ማን እንደሚደብቅ ሳይቀር። ሴቶቹ ተሠርተውና ተቀብተው በሳሎኑ ረጅም አግዳሚ ላይ ተደርድረው፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ቅቤው እስኪገባ ድረስ ወሬ ይጨርሳሉ። ግድግዳው ላይ ሰባት ክብ ነበር።

እትዬ አሰለፈች አንድ በአንድ በጣታቸው አሳዩኝ። «ይቺ የብርቄ ናት። ይቺ የተዋበች። ይቺ ዝቅ ያለችው አስካለ ናት፤ ሁልጊዜ ታንቀላፋለች።»

ሐሳባቸው ቀላል ነበር። ቤቱ በደህና ከተሸጠ ለልጆቹ አካፍለው፣ በተረፈው እዚያው ሰፈር አንድ ክፍልና አንድ ሳሎን ያላት ቤት አይተዋል። አግዳሚውን ይዘው ይገባሉ፣ ሴቶቹም ይከተሏቸዋል። ካልሆነ ግን ከከተማው ዳር፣ ልጃቸው ያላት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። «እዚያ ማን ራሱን ሊያሠራ ይወጣል? ጭልፊት?» አሉኝ።

«አይጨነቁ እትዬ። እኔ ከቀባሁት የኖኅ ውሃ ቢመለስ ሰው ከመርከቡ ወርዶ እዚህ ቤት ይገባል።»

«አፍህን ተወውና ግድግዳውን እጠበው። ቅቤ ነው፣ በቀላሉ አይለቅህም» አሉ። ልብ በሉ፤ ነግረውኛል።

ረቡዕ ነበር። ገዢዎቹ እሑድ ይመጣሉ። ለሚኪ ማጠቡንና ዘይት ቀለሙን፣ ሁለት ቀን መጠበቁን ነገርኩት።

«ፋዘር፣ በዚህ ክረምት ሰው የሚታጠብበት ውሃ ጠፍቶ አንተ ግድግዳ ልታጥብ ነው? ወፈር አድርገህ ሦስት ጊዜ ቅባው፣ በቃ።»

ማጠብ ነበረብኝ። ሠላሳ ዓመት የተማርኩት ይህንኑ ነው። ግን ዝናቡ ይጥላል፣ እሑድ ደረሰ፣ እኔም ታዴ ብሩሽ ነኝ፤ ሦስት እጅ የእኔ ቀለም ቅቤን አይደለም ኃጢአትንም ይሸፍናል ብዬ አሰብኩ። ነጠላውን ሰቅዬ አንድ ቆንጆ ክሬም መረጥኩ፤ ከመረጥኳቸው ቀለሞች ሁሉ ምናልባት ምርጡ። ሦስት ቀን እየቀለድኩ፣ እትዬ አሰለፈችን እያሳቅኩ ቀባሁት። ቅዳሜ ከሰዓት ቀለሙ አልደርቅ ሲለኝ ሁለት ማንደጃ ከሰል አቀጣጥዬ ሳሎኑ ውስጥ፣ ግድግዳው ስር አቆምኩ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። ግድግዳ ያባውን ደግሞ ከሰል ያወጣዋል። እሑድ ጠዋት ስገባ ሰባቱም ተመልሰዋል። በክሬሙ ላይ፣ ቢጫ ወርቅ መስለው፣ በመደዳ። አስካለ እንኳ ዝቅ ብላ፣ እንዳንቀላፋች።

በላያቸው ለመቀባት ብሩሽ ሳነሳ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። ሚኪ እትዬ አሰለፈችን ቀድሞ ጎረቤት ልኳቸዋል፤ ባለቤት ሲኖር ገዢ ነፃ አይሆንም የሚል ሕግ አለው። ባልና ሚስት ገቡ። ሴትየዋ ነጠላዋን ተከናንባ ገና ሳሎኑ መሀል ስትደርስ ፊቷ በራ። እውነቴን ነው፤ ቀለሙ ሠራ። ዞር ዞር አለችና «ውይ፣ ቤቱ ደስ ይላል» አለች። የቀቢ ዕድሜ በሙሉ ለዚህ አንድ ቃል ነው።

ባልየው ግን ግድግዳውን ያይ ነበር። ተጠጋ፣ በጣቱ መገጣጠሚያ አንኳኳ፣ አሸተተ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀለሙ ገና ስላልደረቀ ነው ጌታዬ» አለ ሚኪ።

«ቀለም በክብ በክብ አይደርቅም። ውሃ ያስገባል እንዴ?» ወደ እኔ ዞረ። «የቀባኸው አንተ ነህ? እስቲ አንተ ንገረኝ፤ ምንድን ነው?»

ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። ማንኪያው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ማንደጃው ውስጥ ከዓመዱ ስር ፍም አለ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ለጥፌ፣ አሽቼ፣ ወደ መስኮቱ አንስቼ «ብርሃን ያሳልፋል፣ ተመልከቱ፤ ውሃ አይደለም፣ የሰፈሩ ሴቶች የራስ ቅቤ ነው፣ ቤቱ ደረቅ ነው» ማለት ነበር። ግን ያን ካልኩ ቀጥሎ «ታዲያ ለምን አላጠብከውም?» ይመጣል። ሚኪ ያያል። ወሬው ካዛንቺስ ይደርሳል። ታዴ ብሩሽ ግድግዳ ሳያጥብ ቀባ።

«ክረምት ነው እኮ ጌታዬ» አልኩ።

ያልኩት ይሄንን ብቻ ነው። ባልየው ራሱን ነቀነቀ። ሴትየዋ አንዴ ዞር ብላ ሳሎኑን አየችውና ተከትላው ወጣች።

ከዚያ በኋላ ቤቱ «ውሃ የሚያስገባው ቤት» ሆነ። ደላላ ለደላላ ነገረ፤ የመጣው ገዢ ሁሉ ገና ሳይቀመጥ ግድግዳውን ያንኳኳል። ልጆቹ ትዕግሥታቸው አለቀ። በመጨረሻ መሬቱን ብቻ የፈለገ ሰው በርካሽ ወሰደው፤ እትዬ አሰለፈች ያዩዋትን ትንሽ ቤት ሌላ ሰው ገዛት። የሄዱ ዕለት አግዳሚውን መኪና ላይ ሲጭኑ ከሩቅ አየሁ። ተጠግቼ ደህና ይሁኑ አላልኩም። ሥራ ነበረብኝ ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ እኔ ለራሴም መዋሸት እችልበታለሁ።

እንግዲህ ሚኪ በስልኩ ግድግዳ የቀባበት ዕለት፣ ተናድጄ ወደ ቤቴ ስወርድ፣ ያ ቤት ፈርሷል። ገዢው ሊሠራበት ጣሪያውን አንስቶ፣ ሦስቱን ግድግዳ ጥሎ፣ አንዱ ብቻ ቆሞ ቀርቷል። የሳሎኑ። ክሬሜ ከነሙሉ ክብሩ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ ሰባቱ ክቦች አሉ። ፍርስራሹን ተሻግሬ ተጠጋሁና እጄን አሳረፍኩበት። አራት ክረምት ያለፈበት ግድግዳ ነው። ከላይ እስከ ታች አንድ የውሃ መስመር የለበትም። እንደ ቋንጣ ደረቅ ነው።

እዚያ ቆሜ ሚኪን ስሰድብ ቆየሁ። ስንጥቅ በጣቱ የሚያጠፋ ሌባ፣ ያልኩት ብዙ ነው። ከዚያ ስድቡ አለቀብኝ። ሚኪ በስልክ ያደረገውን እኔ በሦስት እጅ ክሬም አድርጌዋለሁ።

በማግስቱ አድራሻቸውን ከጎረቤት ጠይቄ ሄድኩ። አራት ፎቅ። በየደረጃው እያረፍኩ፣ በየደረጃው የምናገረውን እያሰናዳሁ ወጣሁ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ። አጥረዋል፣ ፀጉራቸው ግን እንደ ድሮው በደንብ ተሠርቷል።

«ታደሰ ነህ?»

«ነኝ እትዬ።»

«ወፍረሃል።»

«ሐዘን ነው።»

«ሐዘን ያከሳል።»

«የእኔ ምሳ ይዞ ነው የሚመጣው። ሥራም ትቻለሁ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ።»

አልሳቁም። ገባሁ። ቤቱ ሲሠራ የተቀባው ያ ድርቅ ያለ ነጭ ነው፤ ነጠላቸው እላያቸው ላይ የቆሸሸ መስሎ ታየኝ፣ ንጹሕ እንደሆነ ግን አውቃለሁ። አግዳሚዋ ግድግዳው ጥግ አለች። ከመሀሏ በላይ ነጩ ላይ አንድ ክብ።

አንድ ብቻ።

«እትዬ፣ ያን ዕለት፣ ገዢዎቹ የመጡ ዕለት፣ ግድግዳው ላይ የወጣው ውሃ አልነበረም። ቅቤ…»

«ቅቤ መሆኑን ለእኔ ልትነግረኝ ነው አራት ፎቅ የወጣኸው?» አሉ። «በእጄ የቀባሁትን?»

ዓይኔን ከእሳቸው ወደ ክቡ አዞርኩ።

«ሚኪ ነግሮኛል። ምንድን ነው ሲሉህ ክረምት ነው አልክ አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ቤቴ ውስጥ አፍህ አልተዘጋም። ስለ አረንጓዴው አለቃህ፣ ሳሎን ስለተካፈሉት ወንድማማቾች፣ ስለ ኖኅ መርከብ። አንዲት ቃል የፈለግኩብህ ዕለት፣ ክረምት ነው።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ተናድጄ ነበር። አሁንም ተናድጃለሁ። መጥተህ ትነግረኛለህ ብዬ አራት ዓመት ጠበቅኩህ።»

ምላሴ ላይ አንድ ቀልድ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። በሕይወቴ የዋጥኩት የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ እንደ አጥንት ነው የሚወርደው።

«ምን ላድርግልዎት?» አልኩ። «ግድግዳውን አጥቤ ልቀባልዎት? ይሄ ነጭ ነጠላዎን ያቆሽሸዋል። አንድ ክሬም አውቃለሁ…»

«ነጠላዬን የሚያየው ማን ነው?» አሉ። «ብርቄ አንዴ መጣች፣ ጉልበቷን አሟት ተመለሰች። አስካለ ሞተች። ሰው የለም ታደሰ። ራስ የለም። ከቀባኸው እሱም ይጠፋል።» በአገጫቸው ወደ ክቡ አመለከቱ። «ተቀመጥ።»

አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ጀርባዬን አቅንቼ፣ ከግድግዳው ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ተደገፍ።»

«ቀለም ቀቢ ግድግዳ አይደገፍም እትዬ። ጌታዬ ጋሽ ባዩ…»

«ጡረታ ወጥቻለሁ አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው ተደገፍ።»

ተደገፍኩ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ያልተደገፈ ጭንቅላት ግድግዳ ሲነካ ድምፅ አለው። እሳቸውም መጥተው ከጎኔ፣ ከክባቸው ስር ተቀመጡ። እስከ ምሳ ሰዓት ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ፎቁ ውሃ፣ ከታች ስላለችው ጎረቤት ሲነግሩኝ እኔ አዳመጥኩ።

ስነሳ ዞር ብዬ አየሁ፤ ሙያ ነው፣ አይለቅም። ራሴ መላጣ ነው፣ ቅቤም የለው፤ አራት ፎቅ የወጣ ሰው ላብ ግን አለው። ከእሳቸው ክብ ጎን፣ ከፍ ብላ፣ አንዲት ትንሽ እርጥብ ክብ ተቀምጣለች።

«ይቺ ውሃ ናት እትዬ፤ አሁን ትደርቃለች» አልኩ።

«እሑድም ና» አሉ። «እስክትይዝ ድረስ።»